ቤቱ ሲቃጠል ምን ይቀራል? የሐኒባል ቤተሰብ ርስት በሩሲያ

እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ አንድ ቤት አራት ጊዜ ጠፍቶ አራት ጊዜ ቢሠራ፣ ያው የድሮው ቤት ነው ማለት ይቻላል?

በምዕራብ ሩሲያ፣ በፕስኮቭ ግዛት፣ በሶሮት ወንዝ ዳር ሚኻይሎቭስኮዬ የሚባል የመኳንንት ርስት አለ። ገጣሚው አሌክሳንደር ፑሽኪን ከ1824 እስከ 1826 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግዞት የኖረው እዚህ ነው። ዛሬ ብትሄዱ የምታዩት ቤት ግን ፑሽኪን የኖረበት አይደለም።

ርስቱ ከየት መጣ?

በ1742 ንግሥት ኤልሳቤጥ በዚህ አካባቢ ሰፊ መሬት ለአብራም ሐኒባል ሰጠች። አብራም የፑሽኪን ቅድመ አያት ነው። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ፣ በቁስጥንጥንያ በኩል ታላቁ ጴጥሮስ ዘንድ ደረሰ፤ አድጎም ወታደራዊ መሐንዲስና ጄኔራል ሆነ። የትውልድ ቦታው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዳንዶች ሰሜን አቢሲኒያ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ የዛሬዋን ካሜሩን ይጠቅሳሉ።

መሬቱ ሲሰጠው ታዲያ ገበሬዎቹም አብረው ተሰጡት። እነዚህ ሰዎች ከጌታቸው መሬት ያለ ፈቃድ መውጣት አይችሉም፤ ይሸጡም ነበር። በባርነት የተወሰደው ልጅ አድጎ የሰዎች ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ይህ ሥርዓት የቀረው በ1861 ነው።

አራት ጊዜ የጠፋው ቤት

አብራም በ1781 ሲሞት ርስቱ ለልጆቹ ተከፋፈለ። ሚኻይሎቭስኮዬ ለፑሽኪን አያት ለኦሲፕ፣ ጎረቤቱ ፔትሮቭስኮዬ ደግሞ ለጴጥሮስ ደረሰ።

የሚኻይሎቭስኮዬ ቤት ከእንጨት የተሠራ ነበር። በ1860ዎቹ አርጅቶ ፈረሰና በምትኩ ሌላ ተሠራ። ያም በ1908 ተቃጠለ። በ1911 የተሠራው በአብዮቱ ግርግር በ1918 ጋየ። በ1937 የቆመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1944 ወደመ። አሁን ያለው የ1949 ሥራ ነው። ፔትሮቭስኮዬም በ1918 ተቃጥሎ፣ ቤቱ እንደገና የቆመው በ1977 ነው። ለስልሳ ዓመት ገደማ ቦታው ላይ የቀረው መሠረቱና የአትክልት ስፍራው ብቻ ነበር።

ፍርስራሽ እንዴት ይነበባል?

እንጨት ይቃጠላል፤ የድንጋይ መሠረት ግን አፈር ውስጥ ይቆያል። ተቆፍሮ ሲወጣ የቤቱን ስፋትና የክፍሎቹን አቀማመጥ ይናገራል። ከመሬት በላይ ያለውን መልክ ለማወቅ ደግሞ ባለሙያዎች በ1830ዎቹ መጨረሻ የታተመ የርስቱን ሥዕል ተጠቅመዋል።

ዛፎችም ምስክር ናቸው። መኳንንቱ በመንገድ ግራና ቀኝ ዛፍ በመስመር ያስተክሉ ነበር፤ ጫካ ውስጥ ዛፍ ቀጥ ባለ ሰልፍ ካገኛችሁ፣ የሰው እጅ አለበት። ዕድሜውን ለማወቅ ዛፉን መቁረጥ አያስፈልግም። በቀጭን ቱቦ መሰል መሰርሰሪያ እርሳስ የምታክል ናሙና ይወጣና የዓመት ቀለበቶቹ ይቆጠራሉ።

ሳማም ቢሆን ይናገራል! ሰው በኖረበት ቦታ አመድ፣ አጥንትና ፍግ ይከማቻል፤ አፈሩ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ይዳብራል። ሳማ እንዲህ ያለ አፈር ስለሚወድ፣ ቤቱ ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላም እዚያው ይበቅላል። እኛም አገር በየጓሮው የሚበቅለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ያልተሠራው ቤት

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቤቱ ያው አይደለም፤ ቦታው፣ መሠረቱና የዛፎቹ ሰልፍ ግን ከድሮው ጋር ያገናኙታል። ለዚህ ነው ቦታው ከ1922 ጀምሮ በመንግሥት ጥበቃ ሥር የሆነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የጌታው ቤት አራት ጊዜ የተሠራው ሥዕሉ ስለተሳለ፣ ባለቤቱም ስለታወቀ ነው። እንጨቱን የፈለጡት፣ ዛፎቹን የተከሉት ገበሬዎችስ? ጎጇቸውን ማን ሣለው? ፑሽኪንን በተረት ያሳደገችው ሞግዚቱ አሪና ሮዲዮኖቭና እንኳ ከገባር ቤተሰብ የተወለደች ናት። ስሟን ሩሲያ ሁሉ ያውቀዋል፤ መቃብሯ ግን ጠፍቷል።

እናንተም የቆየ ግቢ ወይም ፍርስራሽ ስትጎበኙ «ባለቤቱ ማን ነበር?» ብላችሁ አታቁሙ። «የሠሩትስ የት ይኖሩ ነበር?» ብላችሁም ጠይቁ። ምናልባት መልሱ ሳማው የበዛበት ጥግ ይሆናል።