ደኅና የሚሠራ ነገር ለምን ይጠገናል?
ስለ ድረ ገጽ ጥገናና ስለ ደንበኝነት ክፍያ

ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንቅልፍ የተኛ ተማሪ ጥቂት ነበር። በሂሳብ ካለው በላይ ገንዘብ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ማውጣትና በስልክም ማስተላለፍ ይቻላል የሚል ወሬ ከክፍል ወደ ክፍል ተዛመተ። ወሬው ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። ብሔራዊ ባንክ በማግሥቱ እሑድ ባወጣው መግለጫ ችግሩ በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ፤ ንግድ ባንክም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ጠየቁ፤ ቆይቶም ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ድርጊት በኋላ ብዙዎች አንድ ጥያቄ አንሥተዋል። ጥገና እንዲህ ያለ ጣጣ የሚያመጣ ከሆነ ደኅና የሚሠራን ነገር መነካካት ለምን ያስፈልጋል? በዚህ ጽሑፋችን ጥያቄውን በተለይ ከደንበኝነት ክፍያ አንጻር እንመለከተዋለን።

የደንበኝነት ክፍያ ምንድን ነው?

አንድ ሰው ዕቃ ገዝቶ ዋጋውን ቢከፍል ነገሩ በዚያው ያበቃል። የደንበኝነት ክፍያ ግን በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚመላለስ ነው። የቤት ኢንተርኔትና የሳተላይት ቴሌቪዥን ክፍያ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት የሚኖር ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ መክፈል ይችላል። በውጭ አገር ደግሞ የኢትዮጵያን ቡና ቆልተው በየወሩ ለደንበኞቻቸው የሚልኩ ድርጅቶች ገንዘባቸውን የሚሰበስቡት በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው።

የዚህ ክፍያ ልዩ ጠባይ ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ጋር ተነጋግሮ የሚፈጽመው መሆኑ ነው። ስለሆነም ስሕተት ቢፈጠር ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፤ ስሕተቱም በየወሩ ይደጋገማል።

ሳይነኩትም ያረጃል

የድረ ገጽ ፕሮግራም አንዲት ፊደል ሳትለወጥበት በዙሪያው ያለው ሁሉ ይለወጣል። የመጀመሪያው ምሳሌ የደኅንነት የምስክር ወረቀት ነው። ይህ ሰነድ ገጹ ትክክለኛ መሆኑን ለስልካችን ያረጋግጣል፤ የምንልከውም የምሥጢር ቁጥር ተመሥጥሮ እንዲሄድ ያስችላል። ነገር ግን የተወሰነ ዕድሜ አለው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እያጠረ በ2029 እ.ኤ.አ. ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወስኗል። ጊዜው ካለፈ ስልኩ «ይህ ገጽ አያስተማምንም» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ክፍያውም ይቆማል።

ሁለተኛው የሶፍትዌር ክፍተት ነው። ኤኩዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ይጠቀምበት ለነበረው ሶፍትዌር በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ ወጥቶ ነበር። ድርጅቱ ማስተካከያውን በሁሉም ኮምፒዩተሮቹ ላይ ባለመጫኑ በግንቦት ሌቦች ገቡበት፤ 147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችም መረጃቸው ተሰረቀ። ስርቆቱን ሊያሳይ ይገባው የነበረው መቆጣጠሪያም የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አልፎበት ስለነበር ለወራት ምንም አላየም። የታየው ወረቀቱ በሐምሌ ሲታደስ ነው።

መብራት ሲጠፋ

አንዲት ተማሪ በአጋሮ ሆና 300 ብር ለመክፈል «ላክ» የሚለውን ተጫነች እንበል። ትእዛዙ ደርሶ ገንዘቡ ተቀነሰ፤ መልሱ ከመመለሱ በፊት ግን መብራት ጠፋና ኔትወርክ ተቋረጠ። ተማሪዋ ያልተከፈለ መስሏት ደግማ ብትልክ 600 ብር ልትከፍል ትችላለች።

መፍትሔው እያንዳንዱ የክፍያ ትእዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ማድረግ ነው። ያው ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ገንዘብ አይቀንስም፤ የቀድሞውን መልስ ብቻ ይደግማል። ይህም ሆኖ የድረ ገጹ መዝገብና የባንኩ መዝገብ በየዕለቱ ካልተመሳከሩ ገንዘቡ ተቀንሶበት አገልግሎት ያላገኘ ደንበኛ ተረስቶ ይቀራል። ሒሳብ ማስታረቅም የጥገና አንዱ ክፍል ነው።

ጳጉሜንና የሌሊቱ 9 ሰዓት

በአገራችን ተጨማሪ ጉዳይ አለ። እኛ 13 ወር አለን፤ ጳጉሜንም 5 ቀን፣ እንደ 2015 እና 2019 ባሉት ዓመታት ደግሞ 6 ቀን ናት። በ12 ወር ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም «በየወሩ በ30 ክፈሉ» የተባለውን ደንበኛ ሊያሳስተው ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በዓለም አቀፍ ሰዓት የሚሠራ ሰርቨር ቀኑ የሚለወጥበት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ካልታሰበበት እኩለ ሌሊት ላይ የተቋረጠ መስሎት የተኛው ደንበኛ ለሌላ ወር ሊከፍል ይችላል።

ጥገናው እንዴት ይሁን?

እንግዲህ ከመጋቢት 7 የሚገኘው ትምህርት ጥገና ይቅር የሚል አይደለም፤ ጥገና በሥርዓት ይደረግ የሚል ነው። አስቀድሞ የመረጃ ቋቱ ቅጂ ይቀመጣል። አዲሱ ሥራ በመሞከሪያ ኮምፒዩተር ይፈተሻል፤ ከዚያም ለጥቂት ደንበኞች፣ ቀጥሎ ለሁሉም ይለቀቃል። ስሕተት ቢታይ ወደ ቀድሞው መመለሻ መንገድ ይዘጋጃል። ከሁሉ በላይ ግን «በሂሳቡ በቂ ገንዘብ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በማናቸውም ምክንያት መልስ ካላገኘ ማሽኑ መክፈል ሳይሆን መከልከል ይኖርበታል።

በጅማ ዙሪያ ይህን አሠራር የሚያውቀው የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ አይደለም። የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን የሚፈታውና የሚጠገነው ቀዩ ፍሬ ከመድረሱ በፊት ነው፤ የተለቀመ ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻልና። ክፍያም የራሱ የለቀማ ቀን አለው። ያ ቀን ሳይደርስ መጠገን የባለሙያው ድርሻ ነው። ማሽን በተሳሳተ ጊዜ ያልሠራበትን ገንዘብ አለመንካት ደግሞ የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው። ዛሬ በመማር ላይ ያላችሁ ነገ ሁለቱም ድርሻ ይጠብቃችኋል።