በብርሃን የሚነቃቃ የጋዝ ሌዘር

በብርሃን የሚነቃቃ የጋዝ ሌዘር የጋዙ አተሞች ወይም ሞለኪዩሎች ጉልበት የሚያገኙት በኤሌክትሪክ ሳይሆን ከሌላ ምንጭ በሚመጣ ብርሃን የሆነ የሌዘር ዓይነት ነው። አሠራሩ ውሃን በፓምፕ ፎቅ ላይ ወዳለ ሮቶ ከገፉ በኋላ በቧንቧ መልቀቅን ይመስላል፤ ብርሃኑ አተሙን ወደ ከፍተኛ የጉልበት ደረጃ ያወጣዋል፣ አተሙም ሲወርድ የራሱን ብርሃን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1962 የሲዚየም ትነት በሂሊየም መብራት ተነቃቅቶ 7.18 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር ሰጥቷል። ከሠሪዎቹ አንዱ «ሌዘር» የሚለውን ቃል በ1957 በማስታወሻ ደብተሩ ያሰፈረው ጎርደን ጉልድ ነበር።

ዘዴው በሰፊው የታወቀው ግን ከ1970 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ቻንግ እና ብሪጅስ ሜቲል ፍሎራይድን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር አነቃቅተው 496 ማይክሮሜትር አገኙ። ይህ በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል የሚገኘው፣ ዛሬ ቴራኸርትዝ የሚባለው ክልል ነው። የሬዲዮ መሣሪያም ሆነ ተራ ሌዘር በቀላሉ አይደርስበትም።

የኃይሉ ገደብ

አንድ የሚያነቃቃ ፎቶን ቢበዛ አንድ የሌዘር ፎቶን ይሰጣል። የሞገድ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ደግሞ የፎቶኑ ጉልበት ያንሳል። ለምሳሌ የሜታኖል ሌዘር 9.7 ማይክሮሜትር ተቀብሎ 118.8 ማይክሮሜትር ይሰጣል፤ የሁለቱ ፎቶኖች የጉልበት ንጽጽር 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በተጨማሪም የላይኛውና የታችኛው ደረጃ ሲስተካከሉ ጨረሩ ስለሚቆም፣ ከተነሡት ሞለኪዩሎች የሚጠቅሙት ቢበዛ ግማሾቹ ናቸው። ስለዚህ 100 ዋት ገብቶ ከ4 ዋት ብዙም አይወጣም፤ በተግባር ከዚህም በጣም ያንሳል።

ሁለተኛው ማነቆ ሥራቸውን የጨረሱት ሞለኪዩሎች ናቸው። በመንዘር ላይ ስለሚቆዩ ወደ መነሻቸው ቶሎ አይመለሱም፣ አዲስ ብርሃንም መቀበል አይችሉም። የሚመለሱት በአብዛኛው ከቱቦው ግድግዳ ጋር ሲጋጩ ነው። ጋዙን በመጨመር ኃይሉን ማሳደግ የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ግፊቱ ከፍ ሲል ወደ ግድግዳው የሚደረገው ጉዞ ይዘገያል። መፍትሔው ቱቦውን ማጥበብ ወይም እንደ ሄክሳን ያለ ጉልበቱን የሚረከብ ጋዝ መቀላቀል ነው።

በአልካሊ ብረቶች ትነት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሩቢዲየም 780 ናኖሜትር ተቀብሎ 795 ናኖሜትር ስለሚሰጥ በእያንዳንዱ ፎቶን የሚባክነው ጉልበት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ችግሩ ሩቢዲየም የሚቀበለው ብርሃን እጅግ ጠባብ ሲሆን የዳዮድ ሌዘር ብርሃን ሰፊ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሂሊየም በከፍተኛ ግፊት ተጨምሮ የሩቢዲየሙ መስመር እንዲሰፋ ይደረጋል። ሜቴን ወይም ኤቴን መጨመርም ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ መስኮቱን በጥላሸት ይሸፍናል። ጋዙን በማዘዋወር ሙቀቱን ማስወጣት ስለሚቻል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የሩሲያ ተመራማሪዎች ከሲዚየም ትነት 1 ኪሎዋት ያህል አግኝተዋል።

የሞገድ ርዝመቱን ማስፋት

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የሚሰጠው የተወሰኑ መስመሮችን ብቻ ነው። ከነዚህ አንዱ ከጋዙ መስመር ጋር መገጣጠም አለበት፤ ይህም የዕድል ጉዳይ ነበር። ተመራማሪዎች ሃይድሮጅንን በዲዩቴሪየም፣ ካርቦን 12ን በካርቦን 13 እየተኩ አዳዲስ መገጣጠሞችን ፈልገዋል። ሜታኖል ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ሰጥቷል።

ይህን የለወጠው የሞገድ ርዝመቱ እንደተፈለገ የሚስተካከለው የኳንተም ካስኬድ ሌዘር ነው። በ2019 በዚህ ሌዘር የተነቃቃ ናይትረስ ኦክሳይድ ከ0.251 እስከ 0.955 ቴራኸርትዝ 29 መስመሮች ሰጥቷል፤ ኃይሉ ግን ከአንድ ሚሊዋት በታች ነበር። በአንጻሩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነቃቃው አሮጌው የሜታኖል ሌዘር በ2004 በኦራ ሳተላይት ላይ ወደ ህዋ ወጥቷል። በ2.5 ቴራኸርትዝ እየሠራ፣ በኦዞን ኬሚስትሪ ትልቅ ድርሻ ያለውን ሃይድሮክሲል በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ ለመለካት አገልግሏል።