የኪሳራ መዝገብ በዋሽንግተን ዙሪያ፦ የሕዝብ ነው፣ ግን በገጽ 10 ሳንቲም

በአሜሪካ የኪሳራ ፍርድ ቤቶች በ2022 የተከፈቱት መዝገቦች 387,721 ነበሩ። በ2024 ቁጥራቸው 517,308 ደረሰ፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ድጎማ ሲያበቃና የብድር ወለድ ሲያሻቅብ ይህ እንደሚመጣ ይጠበቅ ነበር። በዚያው በ2024 በማርች ወር ደግሞ ዋሽንግተን የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት የ125 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አጸደቀ። ገንዘቡ የሚመለሰው የፍርድ ቤት ሰነድ በኢንተርኔት ለማየት ከልክ በላይ ለከፈሉ ሰዎች ነው።

ሁለቱ ዜናዎች የሚገናኙት የኪሳራ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ በሕግ የሕዝብ ነው፤ ማንም ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ ሊያየው ይችላል። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ በሽርክና ሱቅ የከፈተ፣ ለወንድሙ ብድር ኮሳይን ያደረገ፣ ለምግብ ቤት ዕቃ በዱቤ ያስረከበ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው «እገሌ ባንክረፕሲ ገባ» የሚለው ወሬ ነው። ወሬው ቀኑን አይናገርም፣ ዕዳው የማን እንደሆነ አይዘረዝርም፣ ባለገንዘቡ ጥያቄውን እስከ መቼ ማቅረብ እንዳለበትም አይገልጽም። ይህ ሁሉ መዝገቡ ውስጥ ተጽፏል።

ፍለጋው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከቦታው ነው። ኪሳራ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የኮንግረስ ሥልጣን ስለሆነ መዝገቡ በካውንቲ ፍርድ ቤት አይገኝም። የሞንትጎምሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነዋሪዎች መዝገብ ግሪንቤልት ባለው የሜሪላንድ የኪሳራ ፍርድ ቤት ክፍል ነው። የፌርፋክስ፣ የአርሊንግተንና የአሌክሳንድሪያ ነዋሪዎች መዝገብ አሌክሳንድሪያ፣ የዲሲ ነዋሪዎች ደግሞ በኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ ባለው በፕሪቲማን ሕንጻ ይገኛል። ወሳኙ ሰውዬው ከማመልከቻው በፊት ባሉት 180 ቀናት አብዛኛውን ጊዜ የኖረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ባለፈው ወር ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዉድብሪጅ የተዛወረ ሰው መዝገብ አሁንም ግሪንቤልት ሊሆን ይችላል። ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነው ግንዛቤም ያሳስታል። በ1960 የወጣው የንግድ ሕግ ኪሳራን ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ብቻ ነበር የደነገገው። እዚህ ግን የሆስፒታል ሂሳብ የከበዳት ነርስም፣ ምንም ንግድ ሳይኖራት፣ በስሟ መዝገብ ልታስከፍት ትችላለች።

በኢንተርኔት የሚፈለገው ፔሰር በሚባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥርዓት ነው። አካውንት መክፈት ነጻ ነው፤ ክፍያው በገጽ 10 ሳንቲም ሲሆን ለአንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም። በሦስት ወር ውስጥ ሂሳቡ ከ30 ዶላር ካልበለጠ ጭራሹን አይከፈልም፤ አብዛኛው ተራ ተጠቃሚም በዚህ ምክንያት አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ያልፋል። የ3 ዶላሩ ጣሪያ በስም ፍለጋ ውጤቶች ላይ እንደማይሠራ ግን መታወቅ አለበት፤ አንድ የተለመደ ስም በመላ አገሪቱ የሚፈልግ ሰው የሚመጣለት ዝርዝር ገጽ በገጽ ይቆጠርበታል። ወደ ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ራሱ የሚሄድ ሰው በዚያ ባሉት ኮምፒውተሮች ያለክፍያ ያነባል፤ የሚከፍለው ለሚያትመው ወረቀት ብቻ ነው። ኢንተርኔት ለማይወዱ አባቶችና እናቶች በስልክ ስም ወይም የመዝገብ ቁጥር ተቀብሎ የጉዳዩን ሁኔታ በድምፅ የሚናገር ነጻ የፍርድ ቤቶች መስመርም አለ።

የእኛ ስሞች ለዚህ ፍለጋ አስቸጋሪ ናቸው። ብርሃን በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። ጸጋዬ አንዳንዱ ዘንድ በ«ቲ»፣ ሌላው ዘንድ በ«ኤስ» ይጀምራል። ገብረ መድኅን ተለያይቶ ከተጻፈ ደግሞ ኮምፒውተሩ «መድኅን» የሚለውን ብቻ የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ሚስት በባሏ ስም ስለማትጠራ፣ ልጅም የአባቱን እንጂ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም ስለማያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ በሦስት የተለያዩ ስሞች ሊመዘገብ ይችላል። ሰነዱ ላይ የሚወጣው በመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አጻጻፍ ስለሆነ ፍለጋው ከዚያ ቢጀምር ይሻላል። የተገኘው ሰው የሚፈለገው ሰው መሆኑን የሚያረጋግጠው አድራሻውና የሶሻል ሴኩሪቲው የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ናቸው። ተስፋዬ አበበ የሚባል ሰው በአካባቢው ስንት እንዳለ የሚያውቅ ይህን ሳያጣራ አፉን አይከፍትም።

መዝገቡ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ዶኬቱ፣ ማለትም የገቡት ሰነዶች በቀን ተራ የተዘረዘሩበት ገጽ ነው። ቻፕተር 7 ንብረት ተሸጦ ለባለገንዘቦች የሚከፋፈልበት ነው፤ ቻፕተር 13 ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በዕቅድ የሚከፈልበት፤ ቻፕተር 11 ደግሞ በአብዛኛው ንግድ ራሱን የሚያደራጅበት። ቻፕተር 12 የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ነው፤ እዚህ አያስፈልገንም። ከቻፕተሩ ይልቅ የሚያስፈልገው የጉዳዩ መጨረሻ ነው። «ዲስቻርጅ» ከተባለ ሰውዬው ከዕዳው ነጻ ወጥቷል፤ «ዲስሚስ» ከተባለ መዝገቡ ያለ ስረዛ ተዘግቷል፣ ዕዳውም እንዳለ ነው። በየስብሰባው ሁለቱ ሲምታቱ እሰማለሁ፤ ዕዳው ያልተሰረዘለትን ሰው «ነጻ ወጣ» ብሎ፣ የተሰረዘለትን ደግሞ «ተጣለበት» ብሎ ማውራት በሰዎች ላይ እውነተኛ ጉዳት ያደርሳል።

እኔን የሚመስጠኝ ከዶኬቱ ቀጥሎ ያለው ነው። ባለዕዳው በሐሰት ቢያቀርብ ሊከሰስ እንደሚችል እያወቀ ስለ ራሱ የሚሞላቸው ቅጾች የአንድ ቤተሰብን ኑሮ ከሞላ ጎደል ይናገራሉ። ንብረት የሚዘረዝረው ቅጽ የሚጠይቀው በአሜሪካ ያለውን ብቻ አይደለም፤ ሕጉ የትም ያለ ንብረት ይላል። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም ወይም ባሕር ዳር ያለ ቦታ መጻፍ አለበት፤ ንብረት ሆን ብሎ መደበቅ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ሌላው ቅጽ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለአንድ ሰው ከ600 ዶላር በላይ የተሰጠ ስጦታን ይጠይቃል። ለእናት የተላከ ገንዘብ እዚህ ይገባል። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የተሰጠውም ከዚያ መጠን በላይ ከሆነ የራሱ ጥያቄ አለው። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለ ዕዳ ለብቻው ይገለጻል፤ ትረስቲው፣ ማለትም ጉዳዩን እንዲያስተዳድር የሚመደበው ሰው፣ ያንን ገንዘብ ከዘመዱ ሊያስመልስ ይችላልና። ዕዳ ሁሉ መዘርዘር ስላለበት፣ ዕቁብ ቀድሞ ወጥቶለት ገና መዋጮ የሚቀረው ሰው ያንን ቀሪ ማስፈር ይኖርበታል፤ በባለገንዘቦች ዝርዝር ላይ የዕቁቡ ሰብሳቢ ስምና አድራሻ ይወጣል፣ ማስታወቂያም በፖስታ ይደርሰዋል። ኮሳይን ያደረጉ ሰዎች ደግሞ «ስኬጁል ኤች» በሚባለው ገጽ ላይ በስማቸው ይሰፍራሉ። ለወንድሙ የፈረመ ሰው ወንድሙ ቻፕተር 7 ቢገባ ባንኩ ወደ እርሱ እንደሚዞር የሚያውቀው፣ ካወቀ፣ ከዚህ ገጽ ነው።

ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ሊጠብቃት የሚገባት አንዲት ቀን አለች። ባለዕዳው ራሱ ባስከፈተው የቻፕተር 7 ወይም 13 መዝገብ የገንዘብ ጥያቄ የሚቀርበው መዝገቡ ከተከፈተ በ70 ቀናት ውስጥ ነው፤ በቻፕተር 7 የሚከፋፈል ንብረት የለም ከተባለ ግን ፍርድ ቤቱ ሌላ ማስታወቂያ እስኪልክ አትጠይቁ ይላል። ወሬውን ይዞ ዓመት የተቀመጠን ሰው ይህች ቀን ታመልጠዋለች።

አሁን ወደ 10 ሳንቲሟ ልመለስ፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ሙግት እርሷ ናትና። ክፍያው በ1998 በገጽ 7 ሳንቲም ነበር፤ በ2005 8፣ በ2012 10 ሆነ። ቴክኖሎጂው ሲረክስ ዋጋው ወጣ። በ2002 የወጣው የኢ-ገቨርንመንት ሕግ ግን ፍርድ ቤቶች ክፍያ የሚያስከፍሉት አስፈላጊ በሆነው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዝዛል።

በ2007 መጨረሻ ፔሰርን በ17 ቤተ መጻሕፍት በነጻ የማቅረብ ሙከራ ተጀመረ። ካርል ማላሙድ የተባለው የሕዝብ ሰነዶች ተሟጋች ሰዎች እየሄዱ እንዲያወርዱ ጥሪ አደረገ። በ2008 ገና ሃያዎቹን የጀመረው ፕሮግራመር አሮን ሽዋርትዝ ወደ 20 ሚሊዮን ገጽ የሚጠጋ ሰነድ በኮምፒውተር ፕሮግራም አወረደ። ሙከራው ወዲያውኑ ተቋረጠ፤ ኤፍ ቢ አይ መርምሮት ክስ ሳይመሠርት ፋይሉን ዘጋ። እንዴት ይመሥርት? የወረደው የሕዝብ ሰነድ ነበር። ማላሙድ ሰነዶቹን ሲያገላብጥ ሊሸፈኑ የሚገባቸው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሮች ሳይሸፈኑ አግኝቶ ለፍርድ ቤቶቹ ኃላፊዎች ጻፈ። ሰነዱ በክፍያ አጥር ውስጥ እያለ ያንን ጉድለት ማየት የሚችለው ጥቂት ሰው ነበር፤ ይህ ለእኔ የሙግቱ ልብ ነው። ሽዋርትዝ በጃንዋሪ 2013፣ በሌላ ጉዳይ በፌዴራል መንግሥት ተከስሶ ሳለ፣ በ26 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ።

ከእርሱ ሥራ በኋላ በ2009 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች «ሪካፕ» የተባለ የብራውዘር ተጨማሪ ፕሮግራም ሠሩ። አንድ ሰው ከፍሎ ያየው የፔሰር ሰነድ ቅጂው በነጻ ማኅደር ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ፈላጊ አይከፍልም። ዛሬ ማኅደሩ ኮርትሊስነር በተባለው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፣ ፔሰር ከመግባት በፊትም ሊታይ ይገባል። በ2016 ሦስት ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች፣ ከእነርሱም አንዱ የቀድሞ ወታደሮችን በሕግ የሚረዳ፣ መንግሥትን ከሰሱ። ዳኛ ኤለን ሁቬል በ2018 ከክፍያው የተወሰነው ሕጉ ላልፈቀደው ሥራ እንደዋለ ወሰኑ፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። የ125 ሚሊዮኑ ስምምነት የመጣው ከዚህ ነው። ወደፊት የሚከፈለውን ግን አልነካም። ክፍያውን የሚያስቀረው ረቂቅ ሕግ በዲሴምበር 2020 የተወካዮች ምክር ቤቱን አልፎ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

ክፍያው አነስተኛ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ የክሪፕቶ መገበያያው ኤፍ ቲ ኤክስ በ2022 ሲከስር ዶኬቱን ክሮል የተባለው ድርጅት በነጻ በኢንተርኔት ለዓለም አስቀመጠ፤ ብዙ ባለገንዘብ ባለባቸው ትላልቅ ጉዳዮች እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው። የቢሊዮኖቹን ኪሳራ ማንም በነጻ ያነባል። የሰፈሩ እንጀራ መጋገሪያ ሲከስር ግን ጤፍ በዱቤ ያቀረበው ሰው በገጽ ይቆጠርበታል። ይህን ፍትሐዊ ነው የሚል ክርክር እስካሁን አልሰማሁም።

ከኪሳራ ጎን ያሉት የፍርድ፣ የታክስና የቤት መያዣ መዝገቦች በስቴት ደረጃ ናቸው፤ በአብዛኛው በነጻም ይታያሉ። የሜሪላንድ «ኬዝ ሰርች» እና የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች የጉዳይ መፈለጊያ በስም ይሠራሉ። የሜሪላንድ የመሬት ሰነዶች «ኤም ዲ ላንድሬክ» ላይ በምዝገባ ብቻ ይገኛሉ። በሜሪላንድ ቤት በፎርክሎዠር ሲወሰድ ጉዳዩ በሰርኪት ፍርድ ቤት ስለሚያልፍ መዝገቡ ይታያል፤ በቨርጂኒያ አብዛኛው ያለ ፍርድ ቤት ስለሚፈጸም በመሬት ሰነዶች ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል። ከ2017 ወዲህ እነዚህ መፈለጊያዎች ይበልጥ አስፈላጊ ሆነዋል። በዚያ ዓመት ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች የፍርድ ዕዳን ከሪፖርታቸው ማውጣት ጀመሩ፤ በ2018 የታክስ ዕዳ መያዣም ሙሉ በሙሉ ወጣ። ዛሬ በክሬዲት ሪፖርት ላይ የቀረው የፍርድ ቤት መዝገብ ኪሳራ ብቻ ነው፣ እስከ 10 ዓመት። ሸሪክ ሊሆን የሚመጣን ሰው ክሬዲት አይቶ «ንጹሕ ነው» ያለ ሰው ያልተከፈለ ፍርድ አላየም ማለት ነው።

ከፔሰር በፊት የተዘጉ መዝገቦች ወረቀት ናቸው። ከሰነዶቹ ያልተወገዱት በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር ባሉ ማከማቻዎች ተቀምጠዋል፤ ለማዘዝ የመዝገቡ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዝውውርና የሣጥን ቁጥሮችም ያስፈልጋሉ። እነዚህን የሚሰጠው መዝገቡን ያየው የኪሳራ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቅጂው ደግሞ በክፍያ ከቤተ መዛግብቱ ይመጣል።