ሲሞላ ወደ ኋላ የሚመለስ ቁጥር

ኦሞራቴ ላይ ኦሞ ሲሞላ ያየ ሰው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ዳሩን አልፎ ሜዳው ላይ ይተኛል። ዳሰነቾች ሙላቱ ጥሎት በሄደው ደለል ላይ ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ግን ያው ሙላት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። ኮምፒውተር ውስጥም ቁጥር ይሞላል፤ ነገር ግን አይፈስም፣ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪን አስቡ። ባለ ስድስት አሃዙ 999,999 ላይ ደርሶ አንድ ሲጨምር 000,000 ያሳያል፤ መኪናው ግን አዲስ አልሆነም። ኮምፒውተርም ለአንድ ቁጥር የሚሰጠው ቦታ የተወሰነ ነው። ከዜሮ በታች ያለውንም የሚይዝ ባለ 32 ቢት ቁጥር ጣሪያው 2,147,483,647 ነው፤ አንድ ከተጨመረበት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ሴኮንድ በዚህ ልክ የሚቆጥሩ የቆዩ ፕሮግራሞች ቆጣሪያቸው የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ነው።

ስህተቱ የደኅንነት ክፍተት የሚሆነው ቁጥሩ የሜሞሪ መለኪያ ሲሆን ነው። ፕሮግራሙ ፋይል ከመጫኑ በፊት ስንት ቦታ እንደሚበቃው ያሰላል። ስሌቱ ሞልቶ ከተመለሰ ለበርሜል ውሃ ጣሳ ያዘጋጃል። መፍሰስ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፦ የተረፈው ዳታ የሌላውን ሜሞሪ ያጥለቀልቃል። የሚፈሰውን የመረጠው አጥቂ ከሆነ የራሱን ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. የጀመረው ጊት፣ ፕሮግራመሮች የኮዳቸውን ለውጥ የሚመዘግቡበት፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው። ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያሉ ሁለት ክፍተቶች እንዳሉበት ይፋ ሆነ። አንደኛው «ጊትአትሪቢዩትስ» የተባለው የደንብ ፋይል ሲነበብ የሚከሰት ነበር። አጥቂ እጅግ ብዙ ደንቦች ወይም እጅግ ረጅም ስም ከጻፈበት ቆጣሪው ይሞላል፤ ጉዳት ለማድረስም ተጠቂው ያንን ኮድ ማውረዱ ብቻ ሊበቃ ይችል ነበር።

መድኃኒቱ ልክ ማበጀት ሆነ። የታረመው ጊት በዚያ ፋይል ውስጥ ከ2048 ባይት የረዘመ መስመርን፣ ከ100 ሜጋባይት የበለጠ ፋይልንም አያነብም። እርማቱ የጊት እትም 2.39.1 ላይ ገብቷል፤ ጂንካም ሆነ አዲስ አበባ ኮድ የምትጽፉ፣ ከዚያ የቆየ ጊት ካላችሁ የሰው ኮድ ከማውረዳችሁ በፊት አድሱት።