ሊጡና አየሩ፦ ባክቴሪያዎች ስኳርን በኦክሲጅንና ያለ ኦክሲጅን ስለሚሰብሩበት መንገድ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምንኖር ኢትዮጵያውያን በበረዶው ወራት ሊጥ አልቦካ ሲለን «አየሩ አልተስማማውም» እንላለን። አየር የሚለው ቃላችን የምንተነፍሰውንም፣ የአገሩን ሙቀትና ቅዝቃዜም ስለሚያመለክት፣ ተጠያቂው የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል።

የስኳር መሰበር የመጀመሪያው እርምጃ፣ ኦክሲጅን ኖረም አልኖረም፣ በብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ዘንድ አንድ ነው። ግሉኮስ ለሁለት ይከፈልና ሁለት የፒሩቬት ሞለኪዩሎች ይገኛሉ፤ ሕዋሱም የጉልበት መገበያያው ከሆነው ኤቲፒ 2 ያተርፋል። ከስኳሩ የተነጠቁት ኤሌክትሮኖች ግን ተቀባይ ይሻሉ፤ ካጡ ሥራው ሁሉ ይቆማል። መንገዱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኦክሲጅን ካለና ባክቴሪያው ሊተነፍስበት ከቻለ፣ ኤሌክትሮኖቹን ኦክሲጅን ተቀብሎ ውሃ ይሆናል፤ ፒሩቬቱም እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድረስ ይቃጠላል። ትርፉ በመጻሕፍት ስሌት እስከ 38 ኤቲፒ ይደርሳል፤ በተግባር ያንሳል። ኦክሲጅን ከሌለ ኤሌክትሮኖቹን ፒሩቬቱ ራሱ ወይም ከእርሱ የሚገኝ ውሁድ መልሶ ይቀበልና ላክቲክ አሲድ ወይም አልኮል ይሆናል፤ ትርፉም ከ2 እምብዛም አያልፍም። መቡካት ወይም መብላላት የምንለው ይኸው ነው።

ቀሪው ጉልበት አልጠፋም፤ በአሲዱ ውስጥ ተቀምጧል። የቦካ ሊጥ ምግብነቱን የማያጣው ስለዚህ ነው። በአንጻሩ በሴንት ፖል ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. በ1938 ሥራ የጀመረው የፍሳሽ ማጣሪያ ዛሬ በገንዳዎቹ አየር የሚነፋው፣ ባክቴሪያዎቹ የሚበላውን ሁሉ በልተው ለወንዙ እንዳያስተርፉ ነው።

ወደ ሊጡ እንመለስ። ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ የጤፍን ሊጥ ማብካት የሚጀምሩት ኢንቴሮባክቴሪያ ከሚባለው ወገን የሆኑት ናቸው። እነዚህ በሁለቱም መንገድ መሄድ ይችላሉ። አሲዱ ሲበረታ ቦታውን ለላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይለቃሉ፤ እነዚያ ደግሞ በአብዛኛው ኦክሲጅን ቢያገኙም አይተነፍሱበትም። (እናቶቻችን እርሾ የሚሉት ፈሳሽ ባክቴሪያም ፈንገስም የያዘ ማኅበር መሆኑን ልብ ይሏል።)

እንግዲህ የምንተነፍሰው አየር ከደሙ ንጹሕ ነው። ጥፋተኛው ቅዝቃዜው ነው፤ የሁለቱም መንገዶች ኢንዛይሞች ሲበርዳቸው ይዘገያሉና። ሊጡን ከመስኮት አርቆ፣ መብራቱ ብቻ በበራ ምድጃ ውስጥ ማሳደር፣ ክዳኑን በየሰዓቱ እየከፈቱ ከመዝጋት ይሻላል።