በእምነበረዱ ላይ የሚቀረጸውን ማን ይወስናል?

የአሜሪካ መንግሥት በክብር አገልግሎ ለተሰናበተ ወታደር ቤተሰብ የሚሰጠው ነገር በሕግ ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው። በብሔራዊ መካነ መቃብር ቦታ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ የመቃብር ድንጋይ፤ ሁሉም በነፃ። ቤተሰቡ ከጠየቀ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 መጀመሪያ አንሥቶ፣ ቢያንስ ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች ይመጣሉ። አንዳቸው ሟቹ ካገለገለበት ክፍል መሆን አለባቸው። ሰንደቁን አጥፈው ያስረክባሉ፤ «ታፕስ» የሚባለው ባለ 24 ኖታ ዜማም ይነፋል። የእኛ አገር የእድር ጥሩምባ ለቀስተኛ ይጠራል፤ ይህኛው ሟቹን ያሰናብታል።

ችግሩ ነፊ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ፔንታጎን እ.ኤ.አ. በ2003 መላ ዘየደ፤ በጥሩምባው አፍ የምትገባ ትንሽ የድምፅ መሣሪያ። ወታደሩ ቁልፏን ተጭኖ ጥሩምባውን ከከንፈሩ ያስጠጋል፣ የተቀዳው ዜማ ይፈስሳል። ፈንጠር ብሎ ለቆመ ለቀስተኛ የሚነፋ ይመስለዋል። ማስመሰል ነው ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፤ ቴፕ ከማጫወት ግን ሳይሻል አይቀርም።

በዚህ ሁሉ ከማጉረምረም ያለፈ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ሃይማኖት ሲመጣ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም ይከለክላል፤ በዚያው አንቀጽ ዜጋው እምነቱን እንዳይገልጽ ማገድንም ይከለክላል። መቃብሩ የመንግሥት፣ ሟቹ የቤተሰብ ሲሆን ሁለቱ ክልከላዎች አንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ይገናኛሉ።

የመቃብሩን ድንጋይ እንውሰድ። ቀጥ ብሎ የሚተከለው ነጭ እምነበረድ 107 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 33 ስፋት፣ 10 ውፍረት አለው፤ ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጄኔራልም ይሁን ተራ ወታደር መጠኑ ያው ነው። ከስሙ በላይ ግን ቤተሰቡ የመረጠው የእምነት ምልክት ይቀረጻል፤ ካልፈለጉ ባዶ ይተዋል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርጫው መስቀልና የዳዊት ኮከብ ብቻ ነበር። የቡዲስቶች መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1951 ተጨመረ። ዛሬ ዝርዝሩ ላይ የእስልምናው ጨረቃና ኮከብ፣ የአምላክ የለሾች የአቶም ምልክት፣ ሌላው ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የገባው የጥንቱ የስካንዲኔቪያ አምላክ የቶር መዶሻ አለ።

ሁሉም በሰላም አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔቫዳ ብሔራዊ ዘብ ሳጅን የተሳፈረባት ሄሊኮፕተር አፍጋኒስታን ውስጥ ተመታችና ሞተ። እምነቱ ዊካ የሚባለው ዘመናዊ የአረማውያን ሃይማኖት ነበር፤ ምልክቱም በክብ ውስጥ ያለ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ። የዊካ አማኞች ይህን ምልክት ማስፈቀድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1997 ቢሆንም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እሺም እምቢም ሳይል ዓመታት አስቆጥሯል፤ ለቢሮክራሲ እንኳ የበዛ ዝምታ ነው። የኔቫዳ ግዛት በራሷ መካነ መቃብር ቀድማ ፈቀደች። ሚስቱና ሌሎች ፍርድ ቤት ከሄዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007፣ መሥሪያ ቤቱ በስምምነት ምልክቱን ተቀበለ።

በዚያው ዓመት ነገሩ በሌላ በኩል ፈነዳ። ሰንደቁ 13 ጊዜ ታጥፎ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ በጎ ፈቃደኛ የክብር ዘቦች ለእያንዳንዱ እጥፋት ትርጉም የሚሰጥ ጽሑፍ ያነብባሉ፣ ከእጥፋቶቹ አንዱ ስለ ሥላሴ የሚናገር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የሪቨርሳይድ መካነ መቃብር ቅሬታ ሲቀርብ መሥሪያ ቤቱ ንባቡን በመላ አገሪቱ አገደ። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ሲጮኹ እንደገና አሻሻለው፤ ቤተሰቡ ካዘዘ ማንኛውም ጽሑፍ ይነበባል።

ትምህርቱ ግን ቴክሳስ ውስጥ ያለው የሂውስተን ብሔራዊ መካነ መቃብር አልደረሰም መሰል። እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች የመካነ መቃብሩ አስተዳደር ጸሎትን አስቀድሞ ለማየት ይጠይቃል፣ እንደ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ያለ ንግግርም ይከለክላል ብለው ከሰሱ። መሥሪያ ቤቱ አስተባበለ። በመጨረሻ በዳኛ ሊን ሂዩዝ ፊት በስምምነት ተቋጨ፤ መሥሪያ ቤቱ በጸሎትና በንግግር ይዘት ላለመግባት ተስማማ፣ 215,000 ዶላር የጠበቃ ወጪም ከፈለ።

ከእነዚህ ክሶች የወጣው መስመር ለእኔ ግልጽ ነው። ቃሉ የቤተሰቡ እስከሆነ ድረስ መንግሥት እየሰበከ ነው አይባልም። ሃይማኖታዊ ንባብ ያላዘዘ ቤተሰብ ላይ የሚነበብበት ከሆነ ግን፣ አንባቢው በጎ ፈቃደኛም ቢሆን፣ መብቱ ተነክቷል።

ልጆቻቸው በአሜሪካ ጦር ላገለገሉ የኢትዮጵያ ተወላጆችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በብሔራዊ መካነ መቃብር ሥርዓቱ የሚከናወነው አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓዱ ዘንድ ሳይሆን በተዘጋጀ መጠለያ ሥር ነው፤ የሚሰጠውም ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሞላ ነው። ረጅሙን ፍትሐት በቤተ ክርስቲያን ጨርሶ መምጣት ይበጃል፤ ቀብርም በአብዛኛው በሥራ ቀናት ስለሆነ ቶሎ መቅበር የሚፈልግ ሙስሊም ቤተሰብ ዓርብ ሳይመሽ መደወል አለበት። በቅድሚያ የሚጠየቀው ዲዲ 214 የተባለው የስንብት ወረቀት ነው። የሚፈለገው ምልክት ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ቤተሰቡ የሟቹ እምነት መግለጫ መሆኑን ጽፎ ከሥዕሉ ጋር ያመለክታል።