ልጆቻችን የሚወዱት እንግሊዝኛ

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በየሠፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት የሚታደሙ ወጣቶች ሁለት ሰዓት ሙሉ እንግሊዝኛ ሲሰሙ ይውላሉ። ከእነሱ መሐል «ፓርክ ዘ በስ» ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ጥቂት ነው። ቃል በቃል ከተፈታ አውቶቡስ ማቆም ነው። ጆዜ ሞሪንሆ የቼልሲ አሠልጣኝ ሳሉ በ2004 እ.ኤ.አ. ቡድናቸው ከቶተንሃም ጋር 0 ለ 0 ሲለያይ፣ ተጋጣሚያቸው በሙሉ ኃይሉ ጎሉ ፊት ተደርድሮ መከላከሉን በዚህ አባባል ገለጹት፤ ከዚያ ወዲህ የዓለም እግር ኳስ ቋንቋ ሆነ። ለወጣቶቹ ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስረዳቸው መምህር የለም። ከእነዚሁ ወጣቶች ብዙዎቹ ግን ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ መልስ ስጡ ሲባሉ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። ከሳተላይት የሚወርደው ትምህርት ተማሪው ባይገባው አይቆም፣ ቢጠየቅ አይመልስ፤ መምህሩም አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ከተማሪው ጋር ተቀምጦ ተመልካች ሆነ። እንግሊዝኛን የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊታችን እያለ በስክሪን መተካታችን፣ በእኔ እምነት፣ ከትልልቆቹ ስህተቶች አንዱ ነበር።

ውጤቱን አይተነዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በቋንቋ ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን የባዮሎጂውም የታሪኩም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ያጠናውን እንኳ አያወጣውም።

መፍትሔው ተጨማሪ የሰዋስው ሕግ ማስሸምደድ ይመስለን ነበር። እኔ ግን ሰው ቋንቋን የሚለምደው ሳይሰለች ደጋግሞ ሲሰማውና ሲያነበው ነው እላለሁ፤ ሳይሰለች የሚደጋግመው ደግሞ የወደደውን ነው። በዚህ ረገድ ከፊጂ ደሴቶች የተገኘው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ዋርዊክ ኤሊ እና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን እንደ እኛው በትምህርት ቤት ብቻ ለሚያገኙ የገጠር የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች፣ በእያንዳንዱ ክፍል 250 ያህል ሥዕል ያላቸው ማራኪ የተረት መጻሕፍት አስቀመጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ በማንበብ ያሳዩት እድገት ከሚጠበቀው እጥፍ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅሙ ወደ ጽሑፍ፣ ወደ ሰዋስው፣ አልፎም ወደ ሌሎች ትምህርቶች ፈተና ተሻገረ። ሰዋስውን ያገኙት ታሪኩ ምን ላይ እንደሚያልቅ ለማወቅ ሲጓጉ ነው።

እኛስ ምን አለን? ከምናስበው በላይ አለን። እንቆቅልሽን እንውሰድ። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ተባብሎ፣ ያልመለሰው አገር እየሰጠ የሚጫወት ልጅ የትም አለ። መምህሩ «ሌት ተቀን ሲሮጥ የማይደክመው?» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ እንዲያዞሩት ቢያዛቸው «ወት ኦልዌይስ ረንስ በት ኔቨር ጌትስ ታየርድ?» ይሆናል፤ መልሱ ወንዝ። በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ ተማሪው ሁልጊዜ የሚረሳት፣ በሦስተኛ መደብ ግሥ ጫፍ ላይ የምትቀጠለዋ «ኤስ» ሁለቴ ትመጣለች። «ኦልዌይስ» እና «ኔቨር» ከግሡ በፊት መቀመጣቸውንም ያያል። አሥር እንቆቅልሽ ሃያ ጊዜ ያስለምዳል፤ ልጁ ግን እየተጫወተ ነው። ተረትም እንዲሁ ነው። ስለ ቀበሮና ዝንጀሮ በእንግሊዝኛ የሚተርክ ልጅ ያለፈ ጊዜ ግሦችን ደጋግሞ ሳይጠራ ዳር አይደርስም። በአማርኛ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግሥ በእንግሊዝኛ መሐል እንደሚገባም ጆሮው ይለምደዋል።

ፈሊጡና ባህሉም ሩቅ አይደለም። የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ከመርከብ፣ ከክሪኬት፣ ከቤዝቦል ሲመጣ ለልጆቻችን ባዕድ ነው። ጥቂት የማይባለው ግን የመጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ እዚያ ደግሞ እኛ ቤተኛ ነን። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 በብልጣሶር ግብዣ ላይ በግድግዳው የተጻፈውን የሚያውቅ ልጅ፣ እንግሊዞች ጥፋት መቃረቡ ሲታያቸው «ዘ ራይቲንግ ኢዝ ኦን ዘ ዎል» ለምን እንደሚሉ በአንድ ጊዜ ይገባዋል። የሌላውን በደል የሚሸከም ሰው «ስኬፕጎት» የሚባለው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ወደ ምድረ በዳ በሚሰደደው ፍየል ምክንያት ነው። «ዘ ፔይሸንስ ኦቭ ጆብ» የኢዮብ ትዕግሥት ነው፤ ሙስሊሙም ተማሪ ነቢዩ አዩብን በትዕግሥታቸው ያውቃቸዋል። እንዲህ ያለው ትምህርት ለልጁ አንተ የምታውቀው ዋጋ አለው ይለዋል። በእንግሊዝኛ የሚያፍር ልጅ ከሁሉ በፊት መስማት ያለበት ይህን ነው።

የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ስፔሻል ኢንግሊሽ» 1,500 ገደማ ቃላት ብቻ ተጠቅሞ፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በዝግታ እያነበበ ለአሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ አድማጮቹን አስተምሯል። ያቀርብ የነበረው የሰዋስው ልምምድ ሳይሆን ዜና፣ የሳይንስ ወሬና አጭር ልብ ወለድ ነበር። ይህን በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ መሥራት የሚከለክለን ነገር የለም። ጠዋት በሰልፍ ላይ አንድ ተማሪ የአምስት ደቂቃ የአካባቢ ዜና በቀላል እንግሊዝኛ ቢያነብ ወጪ አይጠይቅም። መጻሕፍት ግን ወጪ ይጠይቃሉ። ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የአገራችንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳትመዋል፤ አገር ቤት ተመልሰውም የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች አድርሰዋል። በአንድ ሰው ጥረት ይህ ከሆነ፣ በመንግሥት አቅም የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

መምህራን ሆይ፣ ከሳምንቱ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜያት አንዱን ለተረት፣ ለእንቆቅልሽና ለንባብ ስጡ፤ በዚያች ሰዓት ማርክ አይያዝ፣ በተሳሳተም አይሳቅ። ርዕሳነ መምህራን፣ በመጋዘንና በቁም ሣጥን የተቆለፉ መጻሕፍት ካሉ ዛሬውኑ ይውጡ፤ ያረጃሉ ብሎ ከልጅ እጅ ማራቅ ይቅር። ትምህርት ሚኒስቴርም ለእያንዳንዱ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል እንደ ፊጂዎቹ 250 የተረት መጻሕፍት ያቅርብ፤ እነዚህ ልጆች 12ኛ ክፍል እስኪደርሱ ሰባትና ስምንት ዓመት አለን።